በሰሊጥ አገር ሰሊጥ የተከለከለ ልጅ

ጥቅምት ላይ የቋራዋ ከተማ ገለጉ ሰሊጥ ሰሊጥ ትላለች። ታጭዶ በነዶ የታሰረው ሰሊጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይራገፋል፤ ፍሬው በየኪሱ፣ በየጓዳው፣ በየልጁ ጸጉር ውስጥ ይገኛል። ከመተማ እስከ ቋራ ያለው ቆላ ልጁን የሚያስተምረውም ቤቱን የሚሠራውም በዚህ ፍሬ ነው። በጾም የሰሊጥ ፍትፍት ይቀርባል፤ ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን በኩል፣ ፉል እንኳ ያለ ሰሊጥ ዘይት አይጥምም። እንግዲህ በዚህ አገር “ሰሊጥ እንዳይነካ” የተባለ የአራት ዓመት ልጅ እናስብ።

እንበልና ሁለት ዓመቱ ላይ ፍትፍት ቀመሰ፤ ወዲያው ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ከንፈሩም አበጠ። አያቱ “ምች ነው” ብለው ዳማከሴ አሸተቱት። የታየበት ባለሙያ ደግሞ “አለርጂ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰሊጥ ይቅርበት” አለ። “ሳይሆን አይቀርም” የምትለው በዚያው ተረሳች፤ “ይቅርበት” የምትለው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱን ገዛች። እናቱ ሰሊጥ ስታበጥር ውላ ልጇን ለማቀፍ እጇን ሦስቴ ትታጠባለች። ልጁ ጎረቤት ቤት አይበላም፣ ድግስ አይሄድም።

አማርኛችን “አልተስማማውም” በሚል ቃል ብዙ ነገር ይጠቀልላል። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋው ሰው የወተቱን ስኳር የሚፈጭለት ኢንዛይም አንሶት ነው። ባደረ ወጥ የታመመው ተመርዞ ነው። አለርጂ ግን ሌላ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ይህን ስም በ1906 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የኦስትሪያ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ሰሊጥም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ አሜሪካ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ አድርጋ በማሸጊያ ላይ ስሙ እንዲጻፍ በሕግ አስገድዳለች።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ሐኪሙ ከመርፌው በፊት ጥያቄ ያስቀድማል፦ ምን በላ? ምን ያህል? ከስንት ደቂቃ በኋላ ታመመ? ቀጥሎ የቆዳ ምርመራው ይመጣል። ክንዱ ላይ የምግቡ ፈሳሽ ጠብ ተደርጎ ቆዳው በመርፌ ጫፍ በስሱ ይወጋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ተጠብቆ የወጣው እብጠት በማስመሪያ ይለካል፤ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ “አለ” ይባላል። በፋብሪካ የተዘጋጀው የሰሊጥ ፈሳሽ በውሃ የተዘጋጀ ስለሆነ ከዘይቱ ጋር የሚሄዱት ፕሮቲኖች ሊያመልጡት ይችላሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች በራሱ በተፈጨው ሰሊጥ ይሞክሩታል። የደም ምርመራው የሚፈልገው የሰውነት መከላከያ የሚያመርተውን አይጂኢ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የቆላ ወላጅ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ወስፋትና መሰሎቹ ትላትል ጠቅላላውን አይጂኢ ያለ ምንም አለርጂ ከፍ ያደርጉታል። መታየት ያለበት ለሰሊጥ ብቻ የሚመረተው ነው፤ እሱም ቢሆን ሰውነት ሰሊጥን ማወቁን እንጂ መታመሙን አያረጋግጥም።

በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ በናሽናል ጁዊሽ ሄልዝ የተሠራ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስለዚህ ነገር ብዙ ይናገራል። ብዙ ምግብ በተከለከሉ 125 ልጆች ላይ 364 ጊዜ በሐኪም ፊት የማብላት ምርመራ ተደረገ፤ 325ቱ ያለ ምንም ችግር አለፉ። እነዚያ ሁሉ ምግቦች በከንቱ ከሰሃን ላይ ተነሥተው ኖሯል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሰሊጥን የመሰለ ቅባትና ፕሮቲን የሞላው ምግብ ደጃፍ ላይ ተከምሮ ሳለ ልጅን በጥርጣሬ መከልከል እኔ ጥንቃቄ አልለውም።

ቁርጡ የሚታወቀው በማብላት ነው፣ ያውም በሆስፒታል ብቻ። እቤት “እስቲ እንሞክረው” ማለት ፈጽሞ አይገባም፤ ጉሮሮ ካበጠ የሆስፒታሉ መንገድ ረጅም ነው። ልጁ ጉንፋንና ትኩሳት የሌለበት ቀን ይመረጣል፤ የማሳከክ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ከቀናት በፊት ያቆማል። አድሬናሊን በጭኑ ጎን ሊወጋ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ የአደገኛ አለርጂ የመጀመሪያ መድኃኒቱ እሱ ነው፣ የማሳከክ ክኒን አይተካውም።

መጀመሪያ የምትሰጠው በማንኪያ ጫፍ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የምታህል የሰሊጥ ልቁጥ ናት። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ትንሽ ጨመር፣ እንደገና ጥበቃ፤ እንዲህ እየተባለ ልጅ በአንድ ማዕድ ከሚበላው ላይ ይደረሳል። ነርሷ ሸሚዙን ገልጣ ሽፍታ ትፈልጋለች፣ ሳሉን ታዳምጣለች፣ ድምፁ መጎርነኑን ትሰማለች። የሚጫወት ልጅ ድንገት ዝም ቢል እንኳ ምልክት ነው። ካመመው ምርመራው ይቆማል፤ ቤተሰቡም ቢያንስ የሚፈራውን በስሙና በመጠኑ ያውቃል፣ መድኃኒቱንም ይዞ ይመለሳል። የሰሊጥ አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከአራት ወይም ከአምስቱ አንዱ ያህል ሲያድግ ስለሚለቀው፣ ሌላ ጊዜ እንደገና ይሞከራል።

ምርመራውን ያለፈ ልጅ ደግሞ ሰሊጡን በሳምንት ጥቂት ጊዜ መብላት አለበት፤ ፈርቶ ቢተወው አለርጂው ሊመለስ ይችላል።

ያ መጀመሪያ ያሰብነው ልጅ በሆስፒታል የመጨረሻውን ማንኪያ ከጨረሰ ሁለት ሰዓት ሞልቶታል። እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ነርሷ ሸሚዙን ገለጠች፤ ጀርባው ንጹሕ ነው።

“እናት፣ ልጅሽ ሰሊጥ ይበላል።”

እናቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ “ዘይቱንም?”

“ዘይቱንም።”