ሕንፃው እንዲተነፍስ፦ ስለ አየር መግቢያና መውጫ ለሰበካ ጉባኤያትና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለሥራ ጉብኝት በሄድንበት በአንድ የወረዳ ከተማ የንግሥ በዓል ዋዜማ ላይ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ለብዙ ዓመታት ከጉሮሯቸው ነጥቀው በሰጡት ገንዘብ አዲስ የታነጸ ነው፤ ዓምዶቹ የጸኑ፣ ወለሉ በእምነበረድ የተነጠፈ፣ መስኮቶቹም ባለ ቀለም መስታወት የለበሱ ናቸው። ማኅሌቱ ተቁሞ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን የውስጡ አየር ከበደ። ግድግዳው አላበው፤ የጧፉና የዕጣኑ ጢስ ከኮርኒሱ ሥር እንደ ደመና ተንጠለጠለ። ከንጋቱ በፊት አንዲት እናትና አንድ ወጣት መዘምር ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ በሰው ሸክምም ወደ ደጅ ወጡ። ቀዝቃዛው አየር ሲነካቸው ጥቂት ቆይተው ነቁ። መስኮት እንዲከፈት ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ «መስኮቶቹ አይከፈቱም።»

ይህ የአንድ አጥቢያ ብቻ ችግር አይደለም። በብሎኬት፣ በመስታወትና በቆርቆሮ በምንሠራቸው አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት፣ አዳራሾችና የጸበልተኛ ማረፊያዎች ደጋግመን የምናየው ነው። ስለዚህ አየር ወደ ሕንፃ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ፣ ኮሚቴዎቻችንም በየትኛው ጊዜ ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ወደናል።

በመጀመሪያ፣ አየሩን የሚያከብደው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ኦክስጅን ስላለቀ ነው» እንላለን። በሰፊ ሕንፃ ውስጥ ግን ኦክስጅን በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አይደለም። ሰውን የሚጥለው ይልቁንም ሙቀቱ፣ እርጥበቱና ጢሱ ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ 300 ሰው በአንድ ቤት ሲሰበሰብ 30 ኪሎ ዋት ሙቀት እንደ ማንደድ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ እርጥበትንና የተቃጠለ አየርን ይዞ ይወጣል፤ ጧፉና የጽናው ፍም ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። በጾም የደከመ፣ ለረጅም ሰዓት የቆመ ሰው በዚህ መካከል ቢወድቅ ሊያስደንቅ አይገባም። የወደቀውን ሁሉ ወዲያው ከመንፈስ ፈተና አድርገን ከማየታችን በፊት ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣት፣ መስኮቱንም መመልከት ከአስተዋይ አገልጋይ ይጠበቃል።

አየርን ያለ ሞተር የሚያንቀሳቅሱት ኃይሎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ነፋስ ሕንፃን ሲመታ በሚነፍስበት ወገን አየሩ ይገፋል፤ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ይሳሳል። በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ክፍት ቦታ ካለ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በአንድ ወገን ብቻ የተደረደሩ መስኮቶች ግን፣ ቁጥራቸው ምንም ቢበዛ፣ ከአጠገባቸው ያለውን አየር እንጂ የቤቱን ጥልቀት አይደርሱበትም።

ሁለተኛው ኃይል ሙቀት ነው። የሞቀ አየር ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ መውጫ ካገኘ ሄዶ ከታች ቀዝቃዛውን አየር ይስባል፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንኳ ሥራውን አያቋርጥም። መውጫ ካጣ ግን ከኮርኒሱ ሥር ተከማችቶ ቀስ በቀስ ወደ ሰዉ ራስ ይወርዳል። እንግዲህ ደንቡ አንድ ነው፦ ለአየር ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይጠቅምም።

ስንት ያህል ክፍት ቦታ ይበቃል? በምሳሌ እንመልከተው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10፣ ከፍታው 6 ሜትር የሆነ አዳራሽ 1,200 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሰዎች ለሚሰበሰቡባቸው ሕንፃዎች ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲደርስ ይመክራል። 300 ሰው ቢገባ በሴኮንድ 3 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 10,800 ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ የአዳራሹ አየር በየሰዓቱ 9 ጊዜ ይለወጣል። በታችኛውና በላይኛው ክፍት ቦታ መካከል 5 ሜትር ያህል ከፍታ ቢኖር፣ ውስጡም ከውጭው በ5 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከታች 1 ካሬ ሜትር፣ ከላይም 1 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል አየር ያሳልፋል። ስለዚህ ለዚህ አዳራሽ ከታች 6፣ ከላይም 6 ካሬ ሜትር በእውነት የሚከፈት ቦታ ያስፈልገዋል። «በእውነት የሚከፈት» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚንሸራተት የአልሙኒየም መስኮት የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፤ የማይከፈት መስታወት ደግሞ ብርሃን ይሰጣል እንጂ ለአየር ግድግዳ ነው።

አባቶቻችን ይህን ቁጥር ባይጽፉትም በሥራቸው ያውቁት ነበር። ክብ የሆነውን የቀደመ ቤተ ክርስቲያን እናስብ። በሰሜንና በደቡብ የሚገኙት በሮች ትይዩ ናቸው፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጣሪያው ወደ ጉልላቱ ከፍ እያለ ስለሚሄድ የሞቀው አየርና ጢሱ ከሰዉ ራስ ርቆ ይወጣል፤ ክዳኑ ሣር በመሆኑም ጢሱ ቀስ እያለ ያልፋል። የላሊበላ ጠራቢዎችም በመስቀል ቅርጽ የፈለፈሏቸው መስኮቶች ውበት ብቻ አይደሉም፤ ብርሃንም አየርም ያስገባሉ። እኛ ሣሩን በቆርቆሮ ለወጥን፤ ከሥሩ ኮርኒስ መታን፤ መስኮቱን በመስታወት ዘጋን። ለውጡ ሁሉ በየራሱ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን የቀደመውን መውጫ ስንደፍን አዲስ መውጫ አላበጀንለትም።

ከፍ ያለ ጣሪያና ትልልቅ መስኮት ኋላ ቀር አለመሆኑን በሌላ አገር የተደረገ ጥናትም ያሳያል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ከ1950 በፊት የተሠሩት ባለ ረጅም ጣሪያና ባለ ሰፊ መስኮት ክፍሎች መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸውን በሰዓት 40 ጊዜ ያህል እንደሚለውጡ፣ ዘመናውያኑ ክፍሎች ግን 17 ጊዜ ያህል ብቻ እንደሚለውጡ አሳይቷል። በሞተር አየር የሚገባላቸው ክፍሎች የተሠሩበት መጠን ደግሞ 12 ጊዜ ነበር።

ይህ ማለት መሣሪያ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ሥራውን ለይቶ ማወቅ ያሻል እንጂ። በጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ቬንትሌተር ያለውን አየር ያማታል፤ አዲስ አየር ግን አያስገባም። ብዙው የአየር ማቀዝቀዣም እንዲሁ የውስጡን አየር እየመለሰ ያቀዘቅዛል። አየርን በእውነት የሚለውጠው ከግድግዳው ከፍታ ላይ ተገጥሞ ወደ ውጭ የሚገፋው ማራገቢያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከታች መግቢያ ካልተተወለት የሚስበው አየር አያገኝም። እንደ ጋምቤላና እንደ ሰመራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች የውስጡና የውጭው ሙቀት ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ ከነፋሱ ጋር እንዲህ ያለው ማራገቢያ ያስፈልጋል። በደጋው ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አገልግሎቱ በሚቋረጥ መሣሪያ ላይ ከመታመን አስቀድሞ ቀዳዳውን ማበጀት ይቀድማል።

ከካህናት አባቶች የምንሰማቸው ሥጋቶች እውነተኞች ናቸው። «ነፋሱ ጧፉን ያጠፋል፤ ሽማግሌዎችን ብርድ ይመታል፤ ወፍና የሌሊት ወፍ ይገባል፤ ዝንብ ወደ መቅደስ ይደርሳል» ይሉናል። መፍትሔው መዝጋት ሳይሆን ቦታውን መምረጥ ነው። የላይኛው መውጫ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ወደ ውጭ ባዘነበለ ዝናብ መከለያ ሆኖ በወንፊት ሽቦ ቢሸፈን ወፍና ዝናብ አይገባበትም። የታችኛው መግቢያ በቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ ተከፋፍሎ በትንንሹ ቢደረግ ነፋሱ በአንድ ሰው ላይ አይወርድም፤ ወደ መቅደሱም ቀጥ ብሎ አይመጣም። ወንፊቱ የአየሩን መንገድ ስለሚያጠብ ክፍት ቦታውን ሰፋ ማድረግ፣ አቧራውንም በየጊዜው መጥረግ ይገባል።

ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የነፍስ ጉዳይ የሚሆንባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የጸበልተኛ ማረፊያ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአየር ይተላለፋል፤ አገራችንም በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሕሙማን በተጠጋጉበት ዝግ ክፍል የአንዱ ሳል ለሌላው ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕክምና ክፍሎች ባወጣው መመሪያ ለአንድ ሕመምተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር እንዲደርስ አስቀምጧል፤ ይህም ለአዳራሽ ካልነው ስድስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው የአብነት ተማሪዎች ጎጆ ነው። በብርድ ሌሊት በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ተኝቶ የተነፈሰው ሳይነቃ ይቀራል። ሦስተኛው ቤተ ልሔም ነው። እኛም በዲቁናችን ኅብስት ስንጋግር ዓይናችን በጢስ ያለቀሰበት ቤት ነው። ከምድጃው በላይ ጢሱን የሚሰበስብ መከለያና ከጣሪያው ከፍ ብሎ የሚወጣ ቧንቧ ቢሠራለት የቦታው ክብር ሳይጓደል የአገልጋዩ ሳንባ ይተርፋል።

እንግዲህ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች ንድፉ ከመጽደቁ በፊት መሐንዲሱን ይህን ይጠይቁ፦ በንግሥ ቀን ስንት ሰው ይገባል? አየሩ ከየት ገብቶ በየት ይወጣል? የሚከፈተው ቦታ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ኮርኒሱ መውጫውን ይደፍናልን? መስኮቱን በየቀኑ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው? መልሱ በንድፉ ላይ ተሥሎ እስኪታይ ድረስ አይፈርሙ። በወረቀት ላይ አንድ መስኮት መጨመር የእርሳስ ሥራ ነው፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን መዶሻና ሌላ ልመና ይጠይቃል። ሕንፃቸው አስቀድሞ የተፈጸመ አጥቢያዎችም ተስፋ አይቁረጡ፤ ከማይከፈቱት መስታወቶች የላይኛውን ረድፍ በሚከፈት መለወጥ ብቻውን ብዙ ያቃልላል። ያን ሌሊት የጎበኘነው አጥቢያ ሰበካ ጉባኤም በዚሁ እንዲጀምር መክረናል።

ኖኅ መርከብን ሲሠራ መስኮት እንዲያበጅላት ከእግዚአብሔር ታዝዟል። እኛም ምእመናንን ከጥፋት ውኃ የምታሻግረውን መርከብ ስናንጽ መስኮቷን አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።