532፦ ጨረቃና እሑድ የሚገጥሙበት ቁጥር

ስሙኝማ! በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት፣ «ዐቢይ ቀመር» የምትባል ቁጥር አለች፤ 532። የፋሲካ ቀኖች ሰልፍ አንድም ሳይዛነፍ የሚደገመው በየ532 ዓመቱ ነው። ፋሲካ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ አይደል? 532 ዓመት ወደ ኋላ ቁጠሩና ዐፄ እስክንድር ዘመን ግቡ፤ በ1485 ሚያዝያ 12፣ በ1486 ሚያዝያ 4!

ግን ለምን 532? ለምን 500 አልሆነም? ስበትናት 19 ጊዜ 28 ሆና ቁጭ አለች። ምስጢሩ እዚሁ ነው።

መጀመሪያ 19ን እንያት፤ እሷ የጨረቃ ናት። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው። ዓመቱ 365 ስለሆነ ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች። (በባሕረ ሐሳብ «አበቅቴ» የሚባለው የጨረቃ ቁጥር በየዓመቱ 11 የሚጨምረው ለዚህ ነው!) 11ን በ19 አባዙት፤ 209። አንድ ቀን ጣል ብታደርጉበት 210፣ ማለትም ድፍን ሰባት ባለ 30 ቀን ወር። ያቺን አንድ ቀን ዑደቱ ሲዘጋ ይጨምሯታልና ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ድሮ ቀኗ ትመለሳለች። ግሪካዊው ሜቶን ይህን ያወጀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ነው፤ ያለ ቴሌስኮፕ!

28 ደግሞ የሳምንቱ ቀኖች ናት። 365 ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ዘንድሮ ሰኞ ከዋለ ለከርሞ ማክሰኞ ነው። እንዲህ እያለ በ7 ዓመት ይዞር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ በየ4 ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 እያደረገ ሁለት ቀን ያዘልለዋል። ስለዚህ የ7ቱም የ4ቱም ዙር አብረው እስኪገጥሙ 28 ዓመት ይፈጃል።

አሁን ሁለት እቁብ አስቡ፤ አንዱ በየ4 ቀኑ፣ ሌላው በየ7 ቀኑ የሚጣል። ዛሬ ከገጠሙ ዳግም የሚገጥሙት በ28ኛው ቀን ነው። አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ቢሆንስ? 24 እንዳትሉ! 12 ነው። ለምን? 4ንም 6ንም 2 ያካፍላቸዋል፤ የጋራ አካፋይ ያላቸው ቁጥሮች ቶሎ ይገናኛሉ። 4 እና 7 ግን ከ1 በቀር የሚጋሩት ስለሌለ እስከ ብዜታቸው ድረስ ይጠፋፋሉ።

እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ነው «አሃ!» ያልኩት። ፋሲካ ጨረቃንም እሑድንም ይጠብቃል፤ አንዱ በ19፣ ሌላው በ28 ዓመት ይዞራል። 19ን ደግሞ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም! 28 ውስጥም 19 የለም። ስለዚህ አቋራጭ የላቸውም፤ 532ን ሙሉውን መሄድ ግድ ነው። የጨረቃው ዑደት 21 ዓመት ቢሆን ኖሮ 7ን ከ28 ጋር ይጋራና በ84 ዓመት ያልቅ ነበር።

ካላመናችሁኝ ከ2017 ላይ 19 ዓመት ብቻ ቀንሱ። 1998 ላይ ጨረቃዋ ያችው ናት፤ እሑዱ ግን ፈቀቅ ብሎ ፋሲካ ሚያዝያ 15 ዋለ። 28 ቀንሱ፤ በ1989 የሳምንቱ ቀኖች ልክ እንደ 2017 ናቸው፤ ጨረቃዋ ስላልገጠመች ግን ፋሲካ ሚያዝያ 19 ሆነ። በሉ እንግዲህ፣ የተወለዳችሁበትን ዓመት ፋሲካ ፈልጉና 532 ደምሩበት፤ የዚያን ዓመት ፋሲካ ከወዲሁ አወቃችሁት ማለት ነው!