የእርሻ ሥራ ፈላጊው ለምን በዛ? እውነት ወይስ ተረት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስለ ኑሮ ከተነሣ አንድ ወሬ አይቀርም፤ "የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ እርሻ የሚወርደው ሰው በዛ" የሚል። ወሬው መሠረት አለው። አጫጅ፣ አራሚ፣ ሽንኩርት ተካይ ወይም ጫት ቀጣፊ ሆኖ ለመቀጠር የሚጠይቀው የገበሬ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ከፋብሪካ የተቀነሰ፣ ከሳዑዲ የተመለሰ፣ ከወለጋ የተፈናቀለም አለበት። ስህተቱ ያለው "ለምን?" ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። አንዳንዱ መልስ ሥራ ፈላጊውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል፤ ሌላው ችግርን እንደ ዕድገት ያስቆጥራል። ምክንያቱ ከተሳተ መፍትሔውም መሳቱ ስለማይቀር፣ ብዙ ጊዜ የሚነገሩትን ሰባት አባባሎች አንድ በአንድ እንመርምር።

1. ተረት፦ "ይህ ድንገት የመጣ ነገር ነው።"

እውነቱ፦ የወሎ ሰው ጉልበቱን ይዞ የእርሻ ሥራ ፍለጋ መጓዝ ከጀመረ ትውልዶች አልፈዋል። በ1953 ዓ.ም. ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ ካቋቋመ በኋላ፣ በለቀማ ወራት ከወሎ ደጋ ተነሥቶ እርሻው ወዳለበት ወደ ዱብቲ ቆላ የሚወርደው ለቃሚ ብዙ ነበር። ሁመራና መተማ ላይ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች ከተከፈቱ ወዲህ ደግሞ ጉዞው ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ። በዚያ አካባቢ ለአረምና ለአጨዳ የሚሄደው የወቅት ሠራተኛ "ሳሉግ" ይባላል።

የቀድሞው ጉዞ ግን ለብዙው ሰው ማሟያ ነበር። ገበሬው የራሱን ማሳ አርሶና ዘርቶ፣ ሥራ ቀለል በሚልበት ወቅት ሄዶ ለግብር፣ ለልብስ ወይም ለበሬ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይመለስ ነበር። አሁን የተለወጠው ይህ ነው። ለብዙዎች የቀን ሥራው ማሟያ መሆኑ ቀርቶ ብቸኛ መተዳደሪያ ሆኗል።

2. ተረት፦ "ሰው ወደ እርሻ የሚመለሰው እርሻ ስላዋጣ ነው።"

እውነቱ፦ እርሻ የሚያዋጣቸው አሉ። በቦርከና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት፣ በቃሉና በተሁለደሬ ጫት ያለው ገበሬ ከሌላው የተሻለ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። እነዚህ ግን መሬትና ውሃ ያላቸው ናቸው። የቀን ሥራ የሚጠይቀው ሰው ሁለቱም የሉትም። ወደ እርሻ የገፋው የሌሎች በሮች መጥበብ ነው።

አንዱ በር ፋብሪካ ነበር። ኮምቦልቻ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ፣ ከቢራ ፋብሪካዋና ከብረታ ብረት ማምረቻዋ ጋር የወሎ የኢንዱስትሪ ከተማ ሆና ኖራለች። በሐምሌ 2009 ኢንዱስትሪ ፓርኳ ሲመረቅ ተስፋው ከፍ አለ። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ 2014 ድረስ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ግን ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱ። ይህ ሳያገግም አሜሪካ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ልብስ ሰፍተው ወደ አሜሪካ ለሚልኩ ድርጅቶች ትልቅ ምት ነበር። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድንና ንግድን አውኳል።

ሁለተኛው በር ዐረብ አገር ነበር። ወሎ ወደ ሳዑዲ ብዙ ሰው ከሚሰደድባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። በ2014 ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተዋል። ተመላሹ ብዙውን ጊዜ የመሄጃውን ብድር ሳይከፍል ነው አገሩ የሚገባው።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የሕንድን ከተሞች ሲዘጋ ሚሊዮኖች ወደ ገጠር ተመለሱ፤ ከአገሪቱ ሠራተኞች በእርሻ የተሠማሩት ድርሻም በአንድ ዓመት ከ42.5 ወደ 45.6 በመቶ ከፍ አለ። ይህን ቁጥር የእርሻ ዕድገት ምልክት ነው ያለ ባለሙያ ጥቂት ነው። እርሻ እንደ ዘመድ ቤት ነው፤ የቸገረው ሁሉ ይጠጋበታል፣ እንጀራው ግን አይጨምርም።

3. ተረት፦ "ሥራ የሚጠይቁት እርሻ የማያውቁ ሥራ ፈቶች ናቸው።"

እውነቱ፦ ከሥራ ፈላጊዎቹ መካከል ከማንም በላይ እርሻ የሚያውቁ አሉ። በ1977ቱ ረኀብ ጊዜና ማግስት ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎችን በሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያጓጉዝ አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። ወለጋ ላይ ጫካ መንጥረው፣ በቆሎና ቡና ተክለው፣ ልጅ ወልደው ድረው ኖሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተፈጸመባቸው ግድያ ሳቢያ ግን እነሱና ልጆቻቸው በብዛት ተፈናቅለው ወደ ወሎ ተመልሰዋል። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ ከእነዚህ ግፎች አንዱ ነው።

ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ጃሪም ሆነ ሐይቅ አካባቢ ቱርክ ካምፕ በተባለው ቦታ የተጠለሉት ተፈናቃዮች አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። በሬ ነበራቸው፣ ጎተራ ነበራቸው። ዛሬ ርዳታ ሲዘገይ ለሰው ማሳ አረም ለማረም ሥራ ይለምናሉ። እነዚህን ሰዎች ሥራ ፈት ብሎ መጥራት በደል ላይ በደል መጨመር ነው።

4. ተረት፦ "ወጣቱ እርሻ ይንቃል እንጂ መሬቱስ ነበረው።"

እውነቱ፦ አብዛኛው የገጠር ወጣት በስሙ የተመዘገበ መሬት የለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት እንደማይሸጥና አርሶ አደሩ በነፃ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። መብቱ አለ፤ የሚታደል መሬት ግን የለም። በአማራ ክልል የመጨረሻዎቹ ሰፋፊ የመሬት ክፍፍሎች የተካሄዱት በ1983 እና በ1989 ዙሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ወይም ያልተወለደው ሁሉ ከድልድሉ ውጪ ቀረ።

የወላጆቹ ይዞታም ለማካፈል የሚበቃ አይደለም። በደቡብ ወሎ የአንድ ቤተሰብ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ለአራትና ለአምስት ልጆች ቢከፋፈል ለማንም አይሆንም። ስለዚህ ወጣቱ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ሴት ወይም አቅመ ደካማ ከሆነ ባለ ይዞታ መሬት ወስዶ ምርቱን እያካፈለ በመጋዞ ማረስ፣ ገንዘብ ካለው በኮንትራት መያዝ፣ ሁለቱም ካልሆነ በቀን ሥራ መቀጠር። ለመጋዞም ቢሆን በሬና ዘር ያስፈልጋል። እነዚህ የሌሉት ከሦስተኛው ላይ ይወድቃል። እርሻ የሚንቅ ወጣት የለም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን መሬት የሌለውን ልጅ "እርሻ ጠላ" ብሎ መክሰስ ፍርድ አይደለም።

5. ተረት፦ "ገበሬው ሠራተኛ ጠፋ ካለ፣ ሥራ አለ ማለት ነው።"

እውነቱ፦ "ሠራተኛ ጠፋ" የሚለው ገበሬና "ሥራ ጠፋ" የሚለው ወጣት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ የሚናገሩበት ሳምንት ነው። የጤፍ አጨዳ ሲደርስ ሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ ሰው ይፈልጋል። ጤፍ ቢዘገይ ይረግፋል፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመጣ ይበላሻል። በእነዚያ ሳምንታት አጫጅ ይወደዳል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ያው አጫጅ ለሳምንታት ጠያቂ ያጣል።

ገበሬው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠቀመው በቤተሰቡ ጉልበት ነው፤ ቀጥሎ በወንፈልና በደቦ። ገንዘብ አውጥቶ ሰው የሚቀጥረው እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው። ማዳበሪያ በተወደደበት ዓመት ለቅጥር የሚተርፈው ገንዘብም ያንሳል።

የአካባቢው አቀማመጥ ለሠራተኛው የሚሰጠው አንድ ዕድል ግን አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ መካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች አጭር ርቀት ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር ይወረዳል። በልግ በሚዘራባቸው በደሴ ዙሪያና በለጋምቦ ደጋዎች የገብስ አጨዳ በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል። የመኸሩ አረም ክረምቱን ይይዛል። በቃሉ ቆላ ማሾ በእጅ ይለቀማል፤ ጤፍና ማሽላ በኅዳርና በታኅሣሥ ይከተላሉ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ደግሞ በቦርከና ዳርና በጨፋ የመስኖ ሥራ አለ። መንገዱ ሰላም ከሆነና የት ምን ሥራ እንዳለ የሚናገር ካለ፣ አንድ ሰው ከፍታውን እየተከተለ የሥራ ቀኖቹን ማብዛት ይችላል። በሬዲዮና በቀበሌ በኩል እንዲህ ያለውን መረጃ ማድረስ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ርዳታ ነው።

6. ተረት፦ "የቀን ክፍያ ስለጨመረ ሠራተኛው ተጠቅሟል።"

እውነቱ፦ የሠራተኛ ገቢ የሚለካው በብሩ ብዛት ሳይሆን በሚገዛው እህል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይት፣ ነዳጅ፣ ልብስና መድኃኒት ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። ክፍያው አድጓል የሚል ሰው ሦስት ነገር ያስላ፦ የአንድ ቀን ክፍያ ስንት ኪሎ ጤፍ ወይም ማሽላ ይገዛል? በዓመት ውስጥ ስንት ቀን ሥራ ይገኛል? ምግብና ማደሪያ በማን ነው? ከከተማ የሚመላለስ ከሆነም ትራንስፖርቱን ይቀንስ።

በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በኢትዮጵያ እስካሁን ለግል ሥራ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ አልተወሰነም። አዋጁ የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ የሥራ ውልም በጽሑፍ ባይሆን እንኳ ውል መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ሠራተኛ በቃል የተስማማበትን ክፍያ ምስክር ባለበት ያስረግጥ። የሥራ ሰዓቱን፣ ምግቡንና የሚከፈልበትን ቀን አስቀድሞ ይነጋገር።

7. ተረት፦ "ሁመራ ወይም መተማ የሄደ ሁሉ ይዞ ይመለሳል።"

እውነቱ፦ ይዞ የሚመለስ አለ፤ ታሞ የሚመለስም፣ ጨርሶ የማይመለስም አለ። ጥቅምት 30 ቀን 2013 በሁመራ አቅራቢያ ማይካድራ ላይ በጅምላ ከተጨፈጨፉት ሰላማውያን መካከል ለእርሻ ሥራ የሄዱ የወቅት ሠራተኞች ይገኙበታል።

ሌላው አደጋ በሽታ ነው። ከወባ በተጨማሪ በእነዚህ ቆላዎች ካላዛር አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትናከሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ከማንም በላይ ለእሷ ይጋለጣል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በወቅቱ ከተደረሰበት ግን ይድናል። ከደጋ ለሄደ ሰው ይከፋል፣ ምክንያቱም ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። በ1997 በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ፣ ከቆላ እርሻ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደመጣ ነው የታመነው።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው አጎበር ይያዝ፤ በሌሊትም ከአጎበር ውጪ አይተኛ። ከተመለሰ በኋላ ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት፣ ክሳትና የግራ ጎን እብጠት ካየ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወደ የት ሄዶ እንደነበር ይናገር። ደሴ ላይ የታመመ ሰው ሁመራ እንደነበረ ካልተናገረ፣ በሽታው ወባ ወይም ታይፎይድ መስሎ ሊታለፍ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የእርሻ ሥራ ፈላጊው የበዛው የፋብሪካ፣ የስደትና የሰፈራ መንገዶች በተቀራረበ ጊዜ ስለጠበቡና ወጣቱ መሬት ስለሌለው ነው። ይህ ከታመነ ቀጣዩ ሥራ ግልጽ ነው። የወረዳ አስተዳደር "ይህን ያህል ወጣት በግብርና ሥራ አገኘ" ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ፣ ስንት ቀን እንደሠራና ምን እንደተከፈለው አብሮ ይጻፍ። ለተፈናቀለው ገበሬ ከስንዴ ርዳታ ባሻገር በመስኖ አካባቢ መሬት በኮንትራት የሚይዝበት ብድር ይመቻችለት። ማሳ ያለው አሠሪ ሠራተኛው የሠራበትን ገንዘብ በዕለቱ ይክፈል፤ በሬውን አጥቶ ለመጣ ሰው የክፍያ መዘግየት የልጅ ራት ማጣት ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ወደ ሙሉ አቅማቸው ይመለሱ ዘንድ ሰላም ይቅደም፤ ያን ጊዜ እርሻ የሚሠራው ሌላ ያጣ ሰው ሳይሆን እርሻን የመረጠ ሰው ይሆናል።