የጭስ ማውጫችሁን ከረመዷን በፊት አጽዱ

ጎንደርና አካባቢዋ የምትኖሩ እንደምታውቁት ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። በዳባትና በደባርቅማ ሲነጋ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ይገኛል። በዚህ ወቅት ማድ ቤቱ ምግብ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚሞቅበትም ነው።

የጭስ ማውጫ ቧንቧ ያለን ሰዎች፣ ካጸዳነውም፣ የምናጸዳው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ነው። ከዚያ በኋላ እንጀራ ሲጋገርበት፣ ውኃ ሲሞቅበት፣ ማታ ደግሞ ለሙቀት ሲባል ሲነድበት ይከርማል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲነድ ጭሱና እንፋሎቱ አብረው ይወጡና ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነኩ ውስጡ ላይ ይለጠፋሉ። መጀመሪያ እንደ ዱቄት ያለ ጥላሸት ነው፤ ሲቆይ እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅ ይሆናል። ይህ ቅጥራን መተላለፊያውን ያጠብባል፤ ራሱም ተቀጣጣይ ስለሆነ አንድ ቀን እሳቱ ሲበረታ ቧንቧው ውስጥ ሊያያዝ ይችላል። ጣራው ሣር ከሆነ ውጤቱን መገመት አያዳግትም።

ምርጥ ምድጃ ያስገባችሁ እናቶችም ልብ በሉ። ምድጃው ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ማውጫ የተገጠመለት ግን ማውጫው ከተደፈነ ጭሱን መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል።

ዋናው አደጋ ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። እሳቱ ፍም ሲሆን ጭሱ ስለሚጠፋ «አሁንስ ጠራ» ብለን በሩን እንዘጋለን። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በደም ላይ ይጣበቃል። እንደ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ኦክስጅኑ ቀጭን ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሁሉንም የቤት ሰው በአንድ ጊዜ ከያዘ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፤ ራሱን የሳተ ካለም ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ሎሚ ማሽተትና ወተት መጋት ጋዙን ከደም አያወጡትም፤ ራሱን ለሳተ ሰው እንዲያውም ወተቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጀራ የሚያስጋግር ሕፃን ከእርሷ እኩል ይተነፍሳል።

በእነዚህ ዓመታት ረመዷን የሚገባው በብርዱ መገባደጃ ነው። ሱሑር የሚሠራውም በሌሊት፣ በር ተዘግቶ ነው። ስለዚህ ቧንቧውን በሻዕባን ብታጸዱት መልካም ነው። እሳቱ እንቢ ካለ፣ ጭሱ በምጣዱ ዙሪያ ከተመለሰ ወይም ጥቀርሻ ወጡ ላይ ከወረደ ግን ሻዕባንንም አትጠብቁ።

ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ። አፍና አፍንጫችሁን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ቧንቧው የሚፈታ ከሆነ ውጭ አውጥታችሁ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የጆንያ ቁራጭ አስራችሁ ፈግፍጉት። ወፍ ጫፉ ላይ ጎጆ ሠርታ እንደሆነም እዩ፤ ነገር ግን ውርጩ ሳይቀልጥ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አትውጡ። እንደ መስታወት ያንጸባረቀው ቅጥራን በመፈግፈግ አይለቅም፤ ያን ጊዜ አዲስ ቧንቧ ማሠራት ይሻላል። መልሳችሁ ስትገጥሙ መጋጠሚያው እንዳያስተነፍስ አጥብቁት፤ ከዚያ ወረቀት ለኩሱና ጭሱ ወደ ላይ መሳቡን ተመልከቱ።

ማውጫ የሌለን ደግሞ፣ ብዙዎቻችንም እንዲያ ነን፣ እሳት በነደደ ቁጥር በርና መስኮት ይከፈት። ብርድ ይገባል፣ እውነት ነው። የከሰል ማንደጃ ግን መኝታ ቤት አይደር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመኝታ በፊት እሳት እንዲጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የተዛቀውን አመድ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በጆንያ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ ፍም ሊያድር ስለሚችል በብረት ዕቃ አድርጋችሁ ከቤትና ከማገዶ ክምር አርቁት።