ነፋስም ሚዛን አለው
በጣራ ላይ ስለሚቆሙ የማቀዝቀዣ መኪናዎችና ስለ ግፊታቸው አለካክ

በወደብ ከተማ የሚነግድ ሰው ጆንያው በሚዛን ላይ ሳይወጣ ዋጋ አይቈርጥም፤ ጨርቁም በሜትር ሳይለካ ከመደርደሪያ አይወርድም። ዳሩ ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ በየወሩ ብዙ ገንዘብ እያወጣ፣ ሳይመዘንና ሳይለካ የሚቀበለው አንድ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም ከጣራው ላይ ወደ አዳራሹ የሚወርድለት ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ሲመጣ ይከፍላል፤ አዳራሹ ሲሞቅበት ያማርራል፤ ነገር ግን መኪናው በእርግጥ ምን ያህል ነፋስ እንደ ሰጠው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰፊው የተለመደው፣ በጣራ ላይ የሚቆመው የማቀዝቀዣና የማሞቂያ መኪና፣ ሁሉን ነገር በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ የያዘ ነው። ከአዳራሹ የሚመለሰውን ሞቃት አየር በአንድ የላሜራ ቦይ ይስባል፤ ከውጭም ጥቂት ንጹሕ አየር ይጨምርበታል። ይህ አየር መጀመሪያ ባለሙያዎች ፊልትሮ በሚሉት ማጣሪያ ያልፋል፤ ቀጥሎ በቀዝቃዛዎቹ ቱቦዎች መካከል ተሹለክልኮ ሙቀቱንና እርጥበቱን ይተዋል፤ በመጨረሻም በሞተርና በቺንጋ የሚዞረው ማራገቢያ ተቀብሎ በሁለተኛው ቦይ ወደ አዳራሹ ይገፋዋል። በብርድ አገር ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ ማሞቂያ ይጨመርበታል። እንግዲህ ነፋሱ የመኪናው ደም፣ ማራገቢያውም ልቡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐኪም የበሽተኛውን የደም ግፊት ሳይለካ መድኃኒት እንደማያዝዝ ሁሉ፣ የመኪናውንም የነፋስ ግፊት ሳይለኩ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ለምሳሌ ያህል በባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ሰፊ መደብር ያለው ነጋዴ እናስብ። መኪናው በተተከለ በሁለተኛው ዓመት፣ የበጋው ሙቀት በበረታበት ወራት፣ አዳራሹ አልቀዘቅዝ አለው። ደንበኞች ገብተው ሳይቈዩ ይወጣሉ፤ ሙቀት የማይወድ ሸቀጥም ይበላሽ ጀመር። አንዱ መካሪ የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቆ ይሆናል ይለዋል፤ ሌላው መኪናው ስላነሰ ትልቅ ይግዙ ይለዋል፤ ሦስተኛው የማራገቢያውን ፍጥነት እንጨምር ይለዋል። ሦስቱም ገንዘብ የሚያስወጡ ምክሮች ናቸው፤ ሦስቱም ግን ሳይለካ የተሰነዘሩ ግምቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ቴርሞሜትር ይዞ ነፋሱ በሚወጣበት አፍ ላይ ቢያቆም ይታለላል። ነፋሱ ሲያንስ በቀዝቃዛዎቹ ቱቦዎች መካከል ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ከወትሮው ይልቅ ቀዝቅዞ ይወጣል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ መኪናው ደኅና ነው እያለ ይመሰክራል፤ አዳራሹ ግን ይሞቃል፤ ምክንያቱም የወጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጥቂት ነው። ነገሩ ከባሰም በቱቦዎቹ ላይ በረዶ ይጋገርና መንገዱን ፈጽሞ ይዘጋዋል። የሙቀት መለኪያ የነፋሱን ጠባይ እንጂ ብዛቱን አይናገርም። ስለ ብዛቱ የሚናገረው ግፊቱ ነው።

የአየርን ግፊት መለካት አዲስ ጥበብ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1643 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ ሞልቶ ገለበጠውና፣ የአየር ክብደት ሜርኩሪውን ወደ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ደግፎ እንደሚያቆመው አሳየ። ከ5 ዓመት በኋላ በ1648 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፓስካል የእኅቱን ባል ፔሪየን ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ራስ በመሣሪያው አስወጣውና፣ ሜርኩሪው ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ተራራ ላይ ያለው አየር ቀላል መሆኑም በዚህ ተረጋገጠ። ዛሬ የግፊት መስፈሪያ ፓስካል ተብሎ መጠራቱ ለዚህ ሊቅ መታሰቢያ ነው። በ1732 ዓ.ም. ደግሞ ፒቶ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ የሴን ወንዝን ፍጥነት በታጠፈ ቱቦ ለካ፤ ያው ቱቦ እስከ ዛሬ ድረስ የነፋስን ፍጥነት ለመለካት ያገለግላል።

በጣራ ላይ ላለው መኪና የሚበቃው መሣሪያ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። እንደ ማንጠልጠያ የታጠፈ፣ ሁለት ክንድ ያለው፣ ቀለም የገባበት ውሃ የያዘ የመስታወት ቱቦ ማኖሜትር ይባላል። አንዱ ክንድ በጎማ ቱቦ ከመኪናው ውስጥ ካለው አየር ጋር ይገናኛል፤ ሁለተኛው ለውጭ አየር ክፍት ይሆናል። በውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ቢበልጥ ውሃው በአንዱ ክንድ ዝቅ፣ በሌላው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱም በሚሊ ሜትር ይነበባል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ 9.8 ፓስካል ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በውሃ ኢንች ስለሚጽፉ፣ 1 የውሃ ኢንች 249 ፓስካል መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በዘመናችን ባለ ባትሪ የእጅ መለኪያዎች በዝተዋል፤ የሚሠሩት ግን ያንኑ ሥራ ነው።

የሚለካው ግፊት እጅግ ጥቂት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ምድርን የከበበው አየር በባሕር ጠለል 101,325 ፓስካል ይጫናል፤ የመኪናው ማራገቢያ የሚፈጥረው ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ፓስካል ብቻ ነው። የሰው ሰውነት ይህን ሊያውቀው አይችልም፤ እጅን በነፋሱ አፍ ላይ ዘርግቶ ደኅና ነው ወይም ደካማ ነው ማለትም ከንቱ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከማራገቢያው በፊት ያለው ስፍራ ሁሉ አየሩ የሚሳብበት ስለሆነ ግፊቱ ከውጭው ያንሳል፤ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል። ከማራገቢያው በኋላ ያለው ደግሞ የሚገፋበት ስለሆነ በመደመር ይጻፋል። ባለሙያው በአራት ስፍራ ትንንሽ ቀዳዳ ያበጃል፦ ከማጣሪያው በፊት፣ ከማጣሪያው በኋላ፣ ከቀዝቃዛዎቹ ቱቦዎች በኋላ፣ ከማራገቢያውም በኋላ በመግፊያው ቦይ ላይ። ያ ነጋዴ መኪናውን በተረከበበት ቀን ንባቡ በተራ −60፣ −120፣ −195 እና +120 ፓስካል ነበረ እንበል። ስለዚህ ማጣሪያው 60፣ ቱቦዎቹ 75 ፓስካል ይወስዱ ነበር፤ ማራገቢያውም በጠቅላላው 315 ፓስካል ይሰጥ ነበር።

አሁን ሲለካ −38፣ −225፣ −273 እና +77 ተገኘ እንበል። ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው እነዚህ አራት ቍጥሮች ሙሉ ታሪክ ይናገራሉ። ማጣሪያው ከ60 ወደ 187 ፓስካል አድጓል፤ የቀሩት ሁሉ ግን ወርደዋል። በቱቦዎቹ ላይ የሚጠፋው ግፊት ከ75 ወደ 48 ወርዷል፤ ግፊቱ የሚለወጠው እንደ ነፋሱ ብዛት ስኴር ስለሆነ፣ የሚያልፈው ነፋስ ከቀድሞው 80 በመቶ ብቻ መሆኑ በሒሳብ ይታወቃል። ጋዙ አላለቀም፤ መኪናውም አላነሰም፤ ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል። መድኃኒቱም አዲስ መኪና ሳይሆን አዲስ ማጣሪያ ነው።

ንባቡ ሌላ መልክ ቢኖረው ፍርዱም ሌላ ይሆን ነበር። ሁሉም ቍጥሮች አብረው ቢወርዱ ጥፋቱ ከማራገቢያው ነው፤ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል፣ ወይም ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ሁለቱ ተዛውረው ማራገቢያው ወደ ኋላ እየዞረ ይሆናል። ወደ ኋላ የሚዞር ከበሮ መሰል ማራገቢያ ፈጽሞ ነፋስ አይነሣም፤ ያነሰ ነፋስ ይሰጣልና፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይኖራል። የመግፊያው ቦይ ግፊት ከቀድሞው በልጦ የቱቦዎቹ ቢወርድ ደግሞ በቦዩ ውስጥ የተዘጋ ወይም የጠበበ ስፍራ አለ ማለት ነው።

የማራገቢያውን ፍጥነት እንጨምር የሚለው ምክር ከሁሉ ይልቅ ሊጠረጠር ይገባዋል። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨመር የሚፈለገው ጉልበት በ33 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ምክንያቱም ጉልበቱ እንደ ፍጥነቱ ኪዩብ ይሄዳል። በታፈነ ማጣሪያ ፊት ፍጥነት መጨመር ማለት በሽታውን ሳያድኑ ልቡን ማስጨነቅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ይከብዳል፣ ሞተሩም ሊቃጠል ይችላል።

የለካ ሁሉ ግን በትክክል ለካ ማለት አይደለም። የመኪናውን መክደኛ ከፍቶ የሚለካ ሰው ነፋሱ መንገዱን ስለሚስት የሚያነበው ውሸት ነው፤ መክደኛው ተዘግቶ በትንሽ ቀዳዳ ሊለካ ይገባል። ቦዩ በታጠፈበት አጠገብ ነፋሱ ስለሚታወክ ቀጥ ያለውን ስፍራ መምረጥ ይሻላል። በቦዩ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ጫፉ ወደ ነፋሱ መምጫ ዞሮ፣ ግፊቱን በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ሊቀበል ይገባል። በጣራ ላይ የባሕር ነፋስ ሲነፍስ ለውጭ ክፍት የሆነው ክንድ ራሱ ስለሚናወጥ ከነፋስ መከለል ያስፈልገዋል። የረጠቡ ቱቦዎች ከደረቁት ይልቅ ነፋስን ስለሚከለክሉ፣ ዛሬ በእርጥብ የተነበበውን ትናንት በደረቅ ከተነበበው ጋር ማነጻጸር አይገባም።

በባሕር ዳርቻና በደጋ መካከል ለሚሠራ ነጋዴ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ምጽዋ በባሕር ጠለል ላይ ናት፤ አስመራ ግን 2,325 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አዲስ አበባም ከዚህ አታንስም። ፓስካል በተራራ ላይ ያስመሰከረው ነገር እዚህም ይሠራል፦ በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው በሁለቱም ስፍራ በአንድ ፍጥነት ቢዞር የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በኪዩቢክ ሜትር ያው ነው፤ ማኖሜትሩ ግን በምጽዋ 75 ባነበበበት በአስመራ 56 ገደማ ያነባል። የፋብሪካው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ስለሆነ፣ ይህን ያላወቀ ሰው ነፋሱ በ13 በመቶ ጐድሏል ብሎ ያልታመመውን መኪና ሊያክም ይነሣል። በአንጻሩም ቀላል አየር የሚሸከመው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ፣ በደጋ ያንኑ የሙቀት መጠን ለማጓጓዝ አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ አየር ያስፈልጋል። እንግዲህ ለቈላ የተመረጠውን መኪና እንዳለ ለደጋ መግዛት ሒሳብ ማበላሸት ነው።

ከመኪናው ሌላ የሕንፃው ግፊትም ሊለካ ይገባል። በባሕር ዳርቻ ያለ አዳራሽ ከውጭው አየር ጥቂት፣ ይኸውም ከ5 እስከ 12 ፓስካል ያህል፣ ቢበልጥ መልካም ነው። ከውጭው ቢያንስ ግን በር በተከፈተ ቍጥር፣ በየስንጥቁም በኩል፣ እርጥብና አቧራ ያዘለ አየር ይሳባል፤ ግድግዳው ይሻግታል፣ ሸቀጡም ይጐዳል፣ መኪናውም ያንን እርጥበት ሲያደርቅ ይውላል። እጅግ ሲበዛም ጉዳት አለው፤ 12 ፓስካል 2 ካሬ ሜትር በሚሆን በር ላይ ሲያርፍ 2 ኪሎ ተኩል እንደሚጠጋ ክብደት ይገፋል፤ ግፊቱ ብዙ ጊዜ እጥፍ በሆነ መጠን ልጆችና ሽማግሌዎች በሩን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት ይቸገራሉ።

ከዚህ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት አስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። መኪናው በሚተከልበት ጊዜ በውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ ተካዩ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት በአራቱም ስፍራ ግፊቱን ለክቶ፣ የማራገቢያውን ፍጥነትና የሞተሩን አምፔር ጨምሮ፣ ቀኑንና የማጣሪያውን ዓይነት ጽፎ፣ ፈርሞ ይስጥ። ይህ ወረቀት ከመኪናው ዋስትና ጋር በመዝገብ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ያው ልኬት ይደገም፤ ማጣሪያውም በቀን መቍጠሪያ ሳይሆን በግፊቱ ይለወጥ። አቧራ በበዛበት ወር ቶሎ፣ ባነሰበት ወር ዘግይቶ ይለወጣል፤ ገንዘብም በሁለቱም ይድናል።

የመጀመሪያው ቀን ልኬት የሌለው ሰው ግን በኋላ ሲቸገር የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። መካሪዎቹ ሲከራከሩ እርሱ መሐል ቆሞ የሚያምነውን ያጣል፤ በመጨረሻም ድምፁ ለጐላው ይከፍላል። በመዝገቡ አራት ቍጥር ያለው ሰው ግን ሻጩም ቢያጋንን፣ ሠራተኛውም ቢሳሳት፣ ጣራው ላይ ወጥቶ በእጅ በሚያዝ ቱቦ እውነቱን ያገኛል። ጆንያን ሳይመዝን የማይቀበል ነጋዴ ነፋሱንም ሳይለካ ሊቀበል አይገባውም።