ነጭ ዝንብን ያበዛው ርጭት

መንዝ ብርዳም ነው፤ ደገኛው ለጋቢው የሚፈልገው ጥጥ ከቆላ ይመጣል። ከሰሜን ሸዋ ደጋ በስተምሥራቅ ቁልቁል፣ በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ ማሳዎች፣ «ለነጭ ዝንብ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተመላለሰ ይነሳል። የመድኃኒቱ ስም ይለወጣል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ችላ የተባለው፣ ነጭ ዝንቡን ያበዛው በአመዛኙ ራሱ ርጭቱ መሆኑ ነው። በመንግሥት እርሻዎች ዘመን የሚፈራው የጥጥ ፍሬ የሚበላው ጓይ ትል ነበር። እሱን ለመግደል ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን በተደጋጋሚ ተረጨ። ነጭ ዝንብን የሚበሉ ነፍሳትና በነጭ ዝንቡ እጭ ላይ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች ግን አብረው አለቁ። በሱዳን ገዚራም እንዲሁ ሆኖ፣ ጥጡ በገበያ «የሚያጣብቅ» የሚል ስም ወጣለት።

ርጭቱ ነጭ ዝንቡን ለምን እንደሚስተው ለመረዳት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይበቃል። እጩ ከሥር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ከላይ የወረደ ርጭት አያገኘውም። የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ በፈነዳው ጥጥ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ፋብሪካ ሲገባም መፍተያው ላይ እየተጠመጠመ ክሩን ይበጥሳል።

መድኃኒቶቹ እኩል አይደሉም። ፓይረትሮይድ የሚባሉት ቶሎ ይጥላሉ፣ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ሳይለዩ። ነጭ ዝንብ በሙቀት በሦስት ሳምንት ገደማ ትውልድ ስለሚተካ መድኃኒቱን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። ኢሚዳክሎፕሪድ በተክሉ ውስጥ ዘልቆ ይሠራል፤ ለንብ ግን አደገኛ ነው። ቡፕሮፌዚን በበኩሉ እጩ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርጋል እንጂ የሚበረውን አይጥልም። ገበሬው በማግስቱ ዝንቡ ሲበር ሲያይ «አልሠራም» ይላል። በሦስተኛው ቀን የሞተውን ብቻ የሚቆጥር ሙከራም ያንኑ ስህተት ይደግማል።

በአሜሪካዋ አሪዞና እ.ኤ.አ. በ1996 ቡፕሮፌዚንና ፓይሪፕሮክሲፌን የተባለው ሌላ መድኃኒት እያንዳንዳቸው በአንድ የሰብል ወቅት አንዴ ብቻ እንዲረጩ ተፈቀደ። ርጭቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ሥራውን የቀጠሉት በሕይወት የተረፉት ጠቃሚ ነፍሳት ነበሩ። በአርባ ምንጭ አካባቢም ጥጥ አምራቾች እነዚህኑ ነፍሳት ወደ ማሳ የሚስብ የምግብ ርጭት ሲጠቀሙ ቆይተዋል።

መድኃኒት የምታወዳድሩ ተመራማሪዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፣ ከሞተው ዝንብ አጠገብ የተረፉትን ተርቦችም ቁጠሩ፤ ውጤቱን ለገበሬው ስትነግሩት ሁለቱንም ቁጥር ንገሩት።