የምርመራ ውጤት ፋይል ወደ መረጃ ቋት ከመጫኑ በፊት የመስኮች አወሳሰን

ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የአገሪቱን የምላሽ ሥራ ካስተባበሩ ተቋማት አንዱ ነው። ወረርሽኝ ሲስፋፋ የምርመራ ውጤቶችን አንድ በአንድ መመዝገብ ስለማይቻል፣ በርካታ ረድፎችን የያዘ ፋይል በአንድ ጊዜ ወደ መረጃ ቋት ይጫናል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ረድፍ በዓይኑ የሚመለከት ባለሙያ የለም። ስለሆነም የእያንዳንዱ መስክ ዓይነት፣ ርዝመትና ባዶ መሆን መቻል አለመቻሉ አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።

ከመስኮች ሁሉ አሳሳቹ የቀን መስክ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ይህ ቀን 4/7/2012 ተብሎ ተጽፎ መስኩ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ከተወሰነ፣ የመረጃ ቋቱ ጁላይ 4 ወይም አፕሪል 7 ቀን 2012 አድርጎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል። ወር በሚቀድምበት አጻጻፍ ጳጉሜን 5 እንኳ (5/13/2012) ሜይ 13 ሆና ታልፋለች። ጥቅምት 30 ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ውድቅ ይደረጋል፤ ይህ ስሕተት ስለሚታይ ከቀደሙት ይሻላል። አስተማማኙ መንገድ ቀኑን እንደተጻፈ በጽሑፍ መስክ መቀበል፣ የዘመን አቆጣጠሩን በሌላ መስክ መግለጽ፣ ከዚያም የተቀየረውን ቀን በሦስተኛ መስክ ማስቀመጥ ነው።

ስልክ ቁጥር ስሙ ቁጥር ይሁን እንጂ አይደመርም፣ አይቀነስም። በቁጥር ዓይነት ከተወሰነ መነሻው ዜሮ ይጠፋል፤ በ251 የሚጀምረውም ኤክሴል ላይ አጥሮ ሊታይና ፋይሉ በሲኤስቪ ሲቀመጥ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊጠፉ ይችላሉ። ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ደውሎ ማግኘት የሚቻለው ግን በዚያ ቁጥር ነው። የወረዳ መለያም እንዲሁ በጽሑፍ ይያዛል። ወረዳ 05 በጉለሌም በየካም ስላለ፣ ክፍለ ከተማው ባዶ የሆነ ረድፍ መግባት የለበትም።

በውጤት መስክ ላይ ባዶ ቦታ «ኔጌቲቭ» ማለት አይደለም። ያልደረሰ ውጤት፣ ናሙናው የተበላሸበትና ቫይረሱ ያልተገኘበት ሰው ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች ሊኖሯቸው ይገባል። በዕድሜ መስክም «8» ብቻ ሲጻፍ ሕፃኑ የስምንት ወር ይሁን የስምንት ዓመት አይታወቅም።

የፋይሉ የመያዝ አቅምም መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ድረስ 15,841 ታማሚዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ሆነዋል። ምክንያቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይዝ አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት መጠቀም ነበር። ታማሚዎቹ ውጤታቸው ቢነገራቸውም ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማፈላለጉ ሥራ ዘግይቷል።

በመሆኑም ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ላቦራቶሪው የላከው የረድፍ ብዛት ከገባውና ውድቅ ከተደረገው ድምር ጋር ይመሳከራል። ውድቅ የተደረጉት ረድፎች በተለየ ፋይል ተቀምጠው በዚያው ዕለት ለላኪው ላቦራቶሪ ይመለሳሉ።